የወተት ነጋዴዋ ልጅ

ሻምሳ ወተት ነጋዴ ናት። በየማለዳው ድንበር ላይ ባለችው ከተማችን፣ ሄሉ በሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ቆማ ከኡራን መንደር የሚመጣውን የጭነት መኪና ትጠብቃለች። የግመል ወተት የሞላባቸውን ጀሪካኖች አውርዳ በየሻይ ቤቱ እየዞረች ታከፋፍላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷንም፣ የስምንት ዓመት ልጇን ሱመያንም ያኖራቸው ይኸው ወተት ነው።

ሱመያ ደግሞ ወተት አይስማማትም። አይስማማትም ስል ሆዷን የሚቆርጣት እንዳይመስላችሁ። ጠብታ ከንፈሯን ከነካ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። እንቁላልና ለውዝም እንደዚያው ናቸው። እዚህ አገር ወተት የማይጠጣ ልጅ ማን ያምናል? የአባቷ ዘመዶች «እናትየዋ አሞላቅቃት ነው» እያሉ ያሟታል። እንዲያውም አንዷ አክስቷ እውነት መሆኑን ልየው ብላ ሻይዋ ውስጥ ወተት ደብቃ ጨመረችበት። ያን ቀን ልጅቷ የተረፈችው በእግዜር ነው።

ሻምሳ ከሥራ ስትመለስ ልጇን አታቅፍም። ልብሷን ጓሮ ትቀይራለች፣ እስከ ክርኗ በሳሙና ትታጠባለች፣ ከዚያም በኋላ ፈራ ተባ እያለች ነው የምትነካት።

«ሀምዲያ፣ እሷን የማኖርበት ወተት ሊገድላት ነው። ምን ልሁን?» ትለኛለች።

እኔ ጓደኛዋ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ ምን እላታለሁ? ሌላ ሥራ ፈልጊ እንዳልላት፣ ፈልጋ አጥታለች።

ዓምና ጄምስ የሚባል ሰው ከደቡብ፣ ከሜሩ ከተማ መጥቶ ገበያው አጠገብ ዳቦ ቤት ከፈተ። በሩ ላይ በስዋሂሊም በአማርኛም «ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ለውዝ የለም፣ ስንዴ የለም» ብሎ አጻፈ። ሰው ሁሉ «ታዲያ ምን አለ?» እያለ ሳቀበት። የሚጋግረው ከማሽላና ከካሳቫ ዱቄት ነበር፤ ማጣፈጫው ሙዝ ነው። ወሬውን ያመጣችልን ለኢትዮጵያ ሾፌሮች ምግብ የምትሸጠው ጓደኛችን አመለሸጋ ናት። በጾም ሾፌሮቿ ኬኩን ቀምሰው ወደውት ነበር።

«ሱመያ በዕድሜዋ ኬክ በልታ አታውቅም። እንውሰዳት» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ሻምሳ ወተቷን አከፋፍላ በሩጫ መጣች። አመለሸጋ ቤት ታጠበች፣ ቀሚሷን ቀየረች፣ አራት ሆነን ሄድን።

ሻምሳ ገና ከበሩ ጄምስን አፋጠጠችው። «እዚህ ቤት ወተት ገብቶ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ ማማ።»

«አንተ ሻይህን በምን ትጠጣለህ?»

«በባዶው። የእህቴ ልጅ እንደ ልጅሽ ናት፤ ይህን ሙያ የተማርኩት ለእሷ ብዬ ነው።»

አላመነችውም። ጓዳ ገብታ ዱቄቱን አሸተተች፣ የዘይቱን ጀሪካን ከፍታ አየች፣ መጋገሪያውን በጣቷ ዳበሰች። ጄምስ ምንም ሳይከፋው አንድ በአንድ አሳያት። በመጨረሻ «ይሁን» አለች።

ሱመያ ኬኩን በሁለት እጇ ይዛ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፍና አላመጠችና «እማ፣ ይህ ሁሉ የኔ ነው?» አለች። አመለሸጋ ፊቷን አዞረች። ሻምሳ ጎንበስ አለችና በሻርፗ ጫፍ የልጇን አፍ ጠረገችላት።

ብዙም ሳይቆይ ሱመያ ማሳል ጀመረች። ከንፈሯ አበጠ። ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ እናቷን ታያለች፤ መናገር አልቻለችም።

«ገደልካት! መርዘህ ገደልካት!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ መደርደሪያውን ገለበጠው፣ ኬኩ መሬት ላይ ተበተነ። ጄምስ ዞር ብሎም አላየው። ልጅቷን ታቅፎ እየሮጠ ወጣና ከአንድ ሞተረኛ ኋላ ተቀምጦ ወደ ሆስፒታል በረረ። እኛ በእግራችን ተከተልነው። ሻምሳ አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ «ያ ረቢ፣ እኔን ውሰደኝ» እያለች ትሮጣለች።

ስንደርስ ጭኗ ላይ መርፌ ወግተዋታል። ትንፋሿ ሲመለስ ነርሷ ምን እንደበላች፣ ምን እንደነካት ጠየቀችን። ሻምሳ የሆነውን ስትናገር የልጇን አፍ የጠረገችበትን ሻርፕ ታሳያለች። ነርሷ ጫፉን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ይሄ ወተት ይሸታል» አለች።

ጠዋት የጀሪካን ክዳን የጠረገችበት ነው። ቀሚሱን ስትቀይር ሻርፑን መልሳ ተከናንባዋለች። ማናችንም ልብ አላልንም። ሻምሳ ሻርፑን አውልቃ ወለሉ ላይ ጣለችውና እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ላቅፋት ስጠጋ «አትንኪኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በገበያው እየዞርን «የጄምስ ኬክ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የኛ ነው» ብለን ተናገርን። ማን ይስማን! «ከፍሏችሁ ነው» ይሉናል። እኔ በአንዲት ጩኸት ያወጣሁትን ወሬ ሦስት ሴቶች ሁለት ወር ሙሉ ለፍተን ልንመልሰው አልቻልንም። ጄምስ ደንበኛ ሲያጣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ጫነ። ይቅርታ ልንጠይቀው ስንሄድ «ልጅቷ ደኅና ናት?» ብቻ ነው ያለን። ሻምሳ በድፍረት የኬኩን አሠራር ለመነችው፤ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ሰጣት።

ሱመያ አሁን አመለሸጋ ቤት ነው የምትኖረው። አመለሸጋም ወተት ከቤቷ አስወጥታለች። ሻምሳ ግን ወተቱን አልተወችም፤ ብትተው ምን ይበላሉ? አርብ አርብ ሥራ አትገባም፤ ሰውነቷን ታጥባ ለብቻው የተቀመጠ ልብስ ለብሳ ልጇን ልታይ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ሱመያ እናቷ እጇን ስትዘረጋ ወደ ኋላ ትል ነበር። ሻምሳ አይታ እንዳላየች እጇን ትሰበስባለች፣ ውጭ ወጥታ ታለቅሳለች።

ባለፈው አርብ አመለሸጋ በካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው ኬኩን ጋገረች። ኩፍ አላለም፤ ከታች አርሯል፣ መሐሉ ሊጥ ነው። አመለሸጋ ልትጥለው ስትል ሱመያ ከለከለቻት። ጥሩ ጥሩውን እየቆረሰች በላች፣ አንዱንም ቁራሽ እንድትቀምሰው ወደ ኋላ ሳትል ለእናቷ አቀበለቻት።