ውርጭ የቀሰቀሰው ዘር

አደጋው የገባኝ ላሊበላ ካለው የመንግሥት ሆቴል በአትክልተኛነት የተቀጠርኩ ዕለት ነው። የአትክልት ኃላፊው ጋሽ ሙሄ ቀይ ክር የታሰረበትን ደረቅ ፍሬ ፈልፍለው፣ ሽምብራ የሚያካክሉ ቡናማ ዘሮች መዳፌ ላይ አፈሰሱ።

«አይሪስ የሚባል አበባ ነው። የሰማያዊውን ዱቄት ወስጄ ቢጫውን ያስጸነስኩት እኔ ነኝ፣ በዶሮ ላባ፤ ቀይ ክሩ ምልክቴ ነው። የወረዳው ካድሬ አዲስ ቀለም እናወጣለን ብሎ ለበላዮቹ ጽፏል። ከጠፋ አሻጥር ነው የሚሉን፣ ዘነቡ። መጋዘኑን አይጥ ፈጅቶታል፤ እስኪዘራ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።»

አሻጥር ተብሎ የታሰረ ጎረቤት ነበረኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ አባታቸው የለም። ዘሩን በነጠላዬ ጫፍ አጥብቄ ቋጠርኩት።

ከመሠረተ ትምህርት በቀር ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዘር ግን አውቃለሁ ብዬ ነበር። እንደ ማሽላ ዘር ከምድጃዬ በላይ ሰቀልኩት፤ ጢስ ነቀዝ ይከለክላላ! ክረምቱ ሲወጣ በዘይት ቆርቆሮ ዘራሁትና እንዳይበርደው ከሆቴሉ ወጥ ቤት ግድግዳ አስጠጋሁት። ጠዋት ማታ ባየው አፈር ብቻ።

ኅዳር ላይ ካድሬው መጣ። ቆርቆሮውን በጫማው ነካ ነካ አደረገው።

«የታለ አበባው?»

«ይወጣል፣ ጓድ።»

«ጥር ሲያልቅ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ አፈር አታሳዪኝም።»

ሲሄድ ለጋሽ ሙሄ ሁሉን ተናዘዝኩ።

«ጢስ? ምድጃ ላይ?» ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንቺ ሴት፣ አበባ ነው ወይስ ቋንጣ? ይኼ የብርድ አገር ዘር ነው፤ ውርጭ ካልቆነጠጠው አይነቃም!»

«ታዲያ ሞቷል?»

«ወላሂ አላውቅም። ሜዳ ላይ አውጪው።»

አወጣሁት። ልጅ ብርድ ላይ የማስተኛ መሰለኝ። ታኅሣሥን ሙሉ አፈሩ እንዳይደርቅ ውሃ አርከፈክፋለሁ፤ ሲነጋ አመዳይ ለብሶ እንደሆነ ለማየት እሮጣለሁ። ጎረቤቶቼ ለባቄላቸው «ውርጩን አርቅልን» ሲሉ፣ እኔ በሆዴ «አምጣው» እላለሁ።

ጥር አጋማሽ ላይ መርፌ የመሰለች አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። ከጎኗ ሌላ! እልልታዬን ለቀቅሁት። ወጥ ቤቶቹ ሮጠው ወጡ።

«ማን ወለደ?»

«እኔ!»

ካድሬው እንዳለው መጣ፤ ጎንበስ ብሎም አየ። «ይኼማ ሣር ነው።»

«ጓድ፣ ገና ሕፃን ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ለማበብ ሁለት ዓመት ይፈልጋል።»

«ካላበበ የምጠይቀው እሷን ነው።»

ሁለት ዓመት ፍርሃቴን ይዤ ኮተኮትኩ፣ አረምኩ። ሁለቱ ዓመት ሞልቶ በልግ ሲገባ አንዱ እንቡጥ ተፈታ፦ ወደ ላይ የቆመው የአበባው ቅጠል የማር ቀለም፣ ወደ ታች የወረደው ወይን ጠጅ። እናቱንም አባቱንም የማይመስል! ጋሽ ሙሄን እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው።

ካድሬው መጥቶ አበባውን ዞሮ ዞሮ አየው። ከዚያ ማስታወሻውን አወጣ።

«አዲስ ቀለም ተገኘ ብዬ እጽፋለሁ። የማን ሥራ ልበል?»

ጋሽ ሙሄ ወደ እኔ ጠቆሙ። «የዘነቡ።»

«አበጀሽ፣ ጓድ ዘነቡ» አለ። ጓድ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

የዚያኑ ቀን ላባውን ራሴ ይዤ አዲሱን አበባ አስጸነስኩና፣ በገዛ እጄ ቀይ ክር አሰርኩበት።

ለጀማሪ የምለው ይኸው ነው፤ የአይሪስን ዘር አታሙቁት፣ አርጥባችሁ ለውርጭ ስጡት። እኔና ልጆቼ ያን ቀን ከአደጋው ወጣን።