ጽዋው እናቴን የዘለለበት ወር

ስለ ማኅበር ፍቅርና አንድነት ሰው ሲሰብክ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ፍቅሩን ጠልቼ አይደለም፤ ያደግሁበት ነው። ከገነተ ማርያም ቁልቁል ባለችው መንደራችን በየወሩ በሃያ አንድ ቀን አሥራ ሁለት ቤተሰብ የማርያምን ጽዋ ይጠጣ ነበር። ተረኛው ይደግሳል፣ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፣ ሲያበቃ ጽዋው በእልልታ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፣ እሱም አቅፎት ቤቱ ይገባል። ድንበር ገፋኸኝ ተባብለው ዓመት ሙሉ የተኳረፉ ጎረቤታሞች ከዚያ ጽዋ ጠጥተው ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የምናደደው በማላውቀው ነገር አይደለም።

አባቴ ሲሞት እናቴ በማኅበሩ በእሱ ቦታ ተተካች። ከዚያ ዝናብ ያጠረበት ዓመት መጣ፤ ቀበሌው ለሴፍቲኔት ችግረኛ ሲመዘግብ እሷም ተመዘገበች። ከሰው ጋር እርከን እየሠራች ስንዴ ትቀበል ጀመር። እኔ ላሊበላ ከተማ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ፤ የምችለውን እልክላታለሁ፣ የምችለው ግን ብዙ አልነበረም። እናቴ አላማረረችም። ልቧ ያለው ሌላ ቦታ ነበር፤ የኅዳር ጽዮን ድግስ የእሷ ተራ ነው። የጓሮዋን ገብስ አንዲት እፍኝ ሳትነካ ለዚያ አስቀመጠች። ጌሾ ወቀጠች፣ ብቅል አበቀለች። መንገደኛ ባገኘች ቁጥር «ለልጄ ንገሩልኝ፣ እንዳትቀር» ትል ነበር።

የጥቅምት ማርያም ዕለት ጽዋውን ስትቀበል ለማየት መጣሁና አብሬያት ሄድኩ። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ሙሴው ጽዋውን ይዘው ተነሡ፤ የማኅበሩን መሪ ሙሴ ነው የምንለው። ደግ ሰው ናቸው። አባቴን ገንዘው የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ያናደደኝም ይኸው ደግነታቸው ነው።

«እታለም፣ ተመካክረናል» አሏት። «አንቺ ለርዳታ የተጻፍሽ ሰው ነሽ፤ ድግስ አንጭንብሽም። ተራሽን ሌላ ሰው ይሸከምልሻል። አንቺ መጥተሽ ብዪ፣ ጠጪ፣ በቃ።»

«ደግ ብላችኋል!» አለ ሰዉ ሁሉ። ቄሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጽዋው እናቴን አልፎ አጠገቧ ለተቀመጠው፣ የታኅሣሥ ተረኛ ለሆነው ባለ ሁለት ጥማድ በሬ ገበሬ ተሰጠ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴም አብራ እልል አለች። ያ እልልታዋ ዛሬም ድረስ ጆሮዬን ያመኛል።

ቤት ስንገባ ብቅሉ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር። ቆማ አየችውና ሰብስባ ስልቻ ውስጥ ከተተችው።

እኔ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። በማግሥቱ ጧት ሙሴውን ማሳቸው ላይ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ እናቴን ጠይቀዋታል?»

«ምኑ ይጠየቃል፣ ልጄ? ሰዉ ድሃዋን አስደግሰው ጨረሷት ይበለን?»

«የቀበሌውን መዝገብ ማርያም ፊት ማን አመጣው? ስንዴ ስለተሰፈረላት ማኅበርተኛነቷ ቀረ?»

«ኧረ በማርያም! ማን ቀረ አለ? ቦታዋ ቦታዋ ነው። እኛ እንዲቀላት ብለን ነው እንጂ።»

«አዎ፣ አቀለላችኋት!»

«አስተማሪ ብትሆኚ ጊዜ ምላስሽ ሾለ» አሉና ወደ አረማቸው ጎንበስ አሉ። ከእንባዬ ጋር እየታገልኩ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ያን ወር ማንንም ይቅር አላልኩም። ሰው የያዘውን ሲቀሙት ሌባ ተብሎ ይጮህባቸዋል፤ የሚሰጠውን ሲቀሙት ግን ርኅሩኆች ይባላሉ፣ ይመረቃሉም! ድሃ መቀበል ብቻ ነው የሚያምርበት ያላቸው ማነው? የትኛው መጽሐፍ ላይ አነበቡት?

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ቅዳሴ እንደወጣ ከእናቴ ጋር ወደ ባለ በሬው ቤት ሄድን። ቤቱ ሞልቷል። እንደ ልማዱ በሩ ሥር ነዳያን ተቀምጠው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። እናቴ ገብታ መስቀል ተሳለመች። ከዚያ ወደ መደቡ አልሄደችም፤ ተመልሳ ከአንድ ዓይነ ስውር አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ? ወደ ቦታሽ ነይ እንጂ» አሉ ሙሴው።

«ቦታዬ ይኸው ነው» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ማኅበርተኛ በተራው ይደግሳል። መጥቶ የሚበላ ብቻ ከደጅ ነው የሚቀመጥ።»

ቄሱ ቢላዋውን ዳቦው ላይ እንዳሳረፉ ቀሩ። እኔ አፌን ልከፍት ስል እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። «ይባርኩ እንጂ መምሬ፣ ሰው ተርቧል» አለች።

ቄሱ ቢላዋውን አስቀመጡ። «እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። «ታኅሣሥን ስጧት።» ባለ በሬው ሳይከራከር ወሩን ለቀቀ። እናቴ ያን ዕለት ጽዋውን አቅፋ ገባች፣ እኔም ከኋላዋ እልል አልኩ። ቁጣዬ በርዶ ነበር።

በታኅሣሥ ግን እንደገና ነደደ። ማኅበርተኛው ሁሉ መጣ፣ ግን እንዴት ነው የበላው! ከዳቦው ቆንጠር፣ ከሽሮው ጠቀስ ያደርጉና «ጠግበናል፣ እግዜር ይስጥልን» ይላሉ። የእናቴን ማጀት እያሰቡ በልክ ይውጣሉ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ድግሱን ትቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

እናቴ ጠላውን ይዛ ሙሴው ፊት ቆመች። ዋንጫቸውን በመዳፋቸው ከደኑት።

«በቃኝ፣ እታለም። ለልጅሽ ይቅር።»

«ልጄ የራሷን ትጠጣለች። ይኸ የእርስዎ ነው።»

እጃቸውን አላነሡም። እሷም አልሄደችም። ማሰሮው ሲከብዳት ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ ገፋችኝ። ሙሴው ቀና ብለው አዩዋት። መዳፋቸውን አነሡ፣ ቀዳችላቸው፣ እስከ አተላው ጨለጡት። ጢማቸውን ጠረጉና ዋንጫውን መልሰው ዘረጉላት።

«ድገሚኝ» አሉ።

ደገመቻቸው። ከዚያ በኋላ ነው እናቴ በማኅበርተኛው መሃል የተቀመጠችው።