ማር የሚወደው የሸዋ ቤንች ምንጭ

ምንጭ በማጎልበት ሥራ የተቀጠርኩ ዕለት ፎርማኑ ሲሚንቶ አሸከመኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቱንቢ አጣጣሉን በሳምንት፣ ውሃ ልክ አያያዙን በወር፣ ማንም ሳያስተምረኝ በዓይኔ ለቀምኩት። ከጉልበት ሠራተኛ ወደ ረዳት ግንበኛ፣ ከዚያም ወደ ግንበኛ ስወጣ ያሳየሁት ወረቀት የለም፤ ግድግዳዬን አሳየሁ። ከሚዛን እስከ ቴፒ የሠራኋቸው የምንጭ ቤቶች፣ ውሃው የሚጠራቀምባቸው ግንቦች፣ ዛሬም አልተሰነጠቁም።

ዝናብ ሥራ ሲያስቆመን አነብ ነበር። ከሚዛን ገበያ ከገዛሁት አሮጌ መጽሐፍ የዓለምን አማልክት አወቅሁ። ህንዶች ለጋንጋ ወንዝ እንደ አምላክ ይሰግዱላታል። የጥንት ግሪኮች በየምንጩ አንዲት ቆንጆ መንፈስ ትኖራለች ይሉ ነበር። ዮሩባ የሚባሉ የናይጄሪያ ሰዎች ኦሹን የምትባል የወንዝ አምላክ አለቻቸው፤ ማር ያቀርቡላታል። ይህን በቃሉ የሚያውቅ ግንበኛ በአካባቢው ከእኔ ሌላ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ሸዋ ቤንች አጠገብ ወዳለ ሰፈር ተላክን። የሰፈሩ ንጹሕ ውሃ አንድ ምንጭ ብቻ ነበር። ስንደርስ አቶ ያዕቆብ የሚባሉ ሽማግሌ ምንጩ ዳር ተቀምጠዋል።

“ጋሼ፣ ልንጀምር ነው” አልኳቸው።

“ባለቤቱን ሳትጠይቅ?”

የምንጩን ቆሌ ማለታቸው ነው። አቶ ያዕቆብ የተጠመቁት በስተርጅና ሲሆን እሑድ ከጸሎት ቤት አይቀሩም። የምንጩን ጠባቂነት ግን ከአባታቸው ወርሰዋል።

“እርስዎ አማኝ አይደሉም እንዴ?”

“ነኝ። ሰው ግቢ ስገባ ግን አንኳኳለሁ።”

በኮባ ቅጠል ማር አድርገው ከውሃው አጠገብ አኖሩ። እኔም ስለ ኦሹን አጫወትኳቸው።

“የእኛን ምንጭ አመል ለነሱ ማን ነገራቸው?” አሉኝ። ቀጥለው አስጠነቀቁኝ፦ “ከሚወጣበት ከፍ አድርገህ አታቁመው። የታነቀ ቆሌ ይሸሻል።”

እኔ ግን የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው ዳገት እንዳይወጡ ውሃውን ላይኛው መንገድ ድረስ ላደርስ ፈልጌ ነበር። የምንጩን ቤት ገንብቼ ቱቦውን ከምንጩ ዓይን፣ ውሃው ከሚፈልቅበት፣ አንድ ሜትር ከፍ አድርጌ ተከልኩት።

“ከፍ አልበዛም?” አለ ፎርማኑ።

“ውሃ ልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ” አልኩት።

ሁለት ቀን ፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን ቱቦው ደረቀ። ውሃው ከታች፣ በሰው ቡና መሐል ጭቃ ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ከበቡኝ።

“አንተ የተማርከው” አለችኝ አንዷ፣ “አዲሱ ይቅርብን፤ የነበረንን መልስልን።”

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ እኔ ፈጣን ነኝ። በምንጩ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የቆመው ውሃ ዓይኑን መልሶ ይጫነዋል፤ ምንጩም ሌላ ስንጥቅ ይፈልጋል። አቶ ያዕቆብ ያሉኝ ይህንኑ ነው።

በመዶሻ የገዛ ግድግዳዬን አፈረስኩ። ቱቦውን ከዓይኑ በታች አወረድኩት። ውሃው ግን አልመጣም።

“ጋሼ፣ ይለምኑልኝ” አልኳቸው።

“ያነቅኸው አንተ፤ ጠያቂውም አንተ” ብለው ማሩን አስያዙኝ።

“ምን ልበል?”

“አጥፍቻለሁ በላ።”

ጋንጋንና ኦሹንን የማውቀው ሰው ጭቃ ላይ ተንበርክኬ አጥፍቻለሁ አልኩ። በሥራ ዘመኔ ይህ ቃል ከአፌ የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው። ፎርማኑ ከኋላዬ፣ “ጮክ በል፣ ቆሌው አልሰማም” አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው መጣ፤ መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ቀትር ላይ ጠራ። ላይኛው መንገድ አልደረሰም። ሴቶቹ ዛሬም ዳገቱን ይወጣሉ፤ ሲያገኙኝ ግን ቡና ሳያጠጡ አይሰዱኝም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ምንጭ ያስቸገራቸው ወጣት ቴክኒሻኖች ከአማን ከተማ በባጃጅ መጥተው ይወስዱኛል። ውሃ ልኩን እነሱ ይይዛሉ፤ ማሩን እኔ።

ቱቦ ከምንጩ ዓይን በታች ይተከላል። ከዚያ በፊት የምንጩ ጠባቂ ይጠየቃል።