ከዳር ቆሞ ያየው ጨዋታ

ሰው አሳልፎ ከሰጠው ወንድሙ ጋር ዕድሜ ልኩን ከአንድ ማዕድ ሲበላ ይቅር ብሎት ነው ወይስ ሳያውቅ?

ጥያቄውን ያወረሱኝ የአየርላንድ ተወላጅ ቄስ ናቸው። ሮም ውስጥ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር አጠገብ በሚገኝ የጡረተኛ ካህናት ቤት ስሠራ የምንከባከበው እሳቸውን ነበር። ከአልጋቸው በላይ፣ ከመስቀሉ ጎን፣ ጫፉ የሰፋ ቆልማማ ዱላ ተሰቅሏል። አንድ ቀን አቧራውን ስጠርግ፣

«አባ፣ ይሄ የገና ዱላ እርስዎ ጋ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«የአባቴ ነው። ጨዋታው ሀርሊንግ ይባላል። እናንተም ትጫወታላችሁ?»

«ወንዶቹ፣ በገና ዕለት። ሩሯን፣ ትንሿን ኳስ፣ ሲከተሉ ቅልጥም ለቅልጥም ይማታሉ። ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ይባላል።»

ሳቁ። «እኛ ጋ ጌቶቹ ይቆጣሉ። ያውም ዓመቱን ሙሉ።»

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ሳሽላቸው ስለ አባታቸው ያወሩኝ ጀመር። አባትየው ገበሬ ነበር፤ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በግቡ ፊት ቆሞ የሚከላከል፣ ኳስ አሳልፎ የማያውቅ ተጫዋች። ለአውራጃው ተመርጦ ቡድኑ ለዋንጫ ሊደርስ ሲል ጉልበቱ ተሰበረና ጨዋታ ተወ። ሲያወሩኝ ታሪኩ ሁሌም እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው፤ ቴርሳ ሜዲያን፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን፣ ያለፍኩት እዚሁ ሮም፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የሰማውን ሳያጣራ አያልፍም።

«አባ፣ ባለፈው የቀኝ ጉልበቱ ነበር፤ ዛሬ የግራው ሆነ።»

«አሎራ፣ እንግዲህ መርማሪ ሆንሽብኝ!» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ጉልበቱ ደህና ነበር» አሉ። «የታገደው እግር ኳስ ስላየ ነው።»

የቀለዱ መሰለኝ።

«መጫወት አላልኩም፤ ማየት። በዚያ ዘመን የሀርሊንግ ማኅበሩ የእንግሊዞችን ጨዋታ የተጫወተውንም የተመለከተውንም ያግድ ነበር። አባቴ ከተማ ጥጃ ሊሸጥ ሄዶ አጥር ተደግፎ ትንሽ አየ። አብሮት የነበረው ታናሽ ወንድሙ ብቻ ነው።»

ታናሽየው ተጠባባቂ ነበር። በወንድሙ ቦታ ተሰለፈ፤ ዋንጫውንም አነሳ። አባትየው እገዳው ካበቃ በኋላም ዱላውን አልነካም። ለጎረቤት ጉልበቴ ነው አለ፤ ሰው ፊት ያነክሳል፣ ጊደር ያመለጠችው ዕለት ግን ይሮጣል። ወንድማማቾቹ አንድ መሬት አርሰው፣ እሑድ እሑድ አብረው በልተው አረጁ።

«አጎትዎ እንደጠቆመ በምን አወቁ?»

«ሊሞት ሲል ራሱ ነገረኝ። ‹እንደ ቄስ ሳይሆን እንደ ወንድሜ ልጅ ስማኝ› ብሎ። ኑዛዜ ቢሆን ኖሮ ካንቺ ጋር ይህን አላወራም ነበር። ለአባቴ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።» ከዚያ እጄን ያዙ። «እኔ ካለፍኩ በኋላ ለአንድ ሰው ንገሪ። ለማን እንደሆነ አንቺ ምረጪ። ጉልበቱ ነው እንደተባለ አይቅር።»

ፖንቴ ማሞሎ ሰፈር አብራኝ ለምትኖረው ጓደኛዬ ቄሱ አደራ ሰጡኝ ብቻ አልኳት። «የፈረንጅ አደራ ተሸክመሽ ልትዞሪ ነው? መጀመሪያ የመኖሪያ ፔርሜሶሽን አሳድሺ!» አለችኝ።

ቄሱ በክረምቱ አረፉ። ዕቃቸውን ልትወስድ የመጣችው የአጎትየው የልጅ ልጅ ነበረች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጣሊያንኛ የምትሞክር መምህርት። ሻንጣውን አብረን አዘጋጀን። ከስልኳ አንድ ፎቶ አሳየችኝ፤ በመንደራቸው አዲስ የመጫወቻ ሜዳ ተሠርቶ በአያቷ ስም ሊሰየም ነው። የሚያስተባብረው ወንድሟ ነው።

«የታላቅየው ጉልበት ባይሰበር አያቴን ማን ያውቀው ነበር!» ብላ ሳቀች። «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው።»

ለማን እንደምነግር ያኔ አወቅሁ።

«ጉልበቱ አልተሰበረም» አልኳት።

በቅደም ተከተል ነገርኳት፦ ጥጃውን፣ አጥሩን፣ እገዳውን። ያልሰማሁትን አልጨመርኩም። እጥፍ አድርጋ የያዘችው ሹራብ እጇ ላይ ቀረ።

«ማን ጠቆመበት?»

«አያትሽ። ለቄሱ የነገሩት ራሳቸው ናቸው።»

ሹራቡን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ስልኳን አንስታ፣ «ሜዳው ከመሰየሙ በፊት ይወቅ» ብላ ወንድሟ ጋ ደወለች፤ በማላውቀው ቋንቋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ብዙ አወራች። እኔ ሻንጣውን ሳልዘጋ ቆሜ ጠበቅኋት።