ከደረቀው ኩሬ የወጣችው የጋሪ ሰሌዳ

ረቡዕ፣ ከሌክውድ ወደ ምሥራቅ

ዴንቨር አጠገብ ሌክውድ ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሚስ ዶራ ሰው አስቸግረው የማያውቁ አሮጊት ናቸው። በፈረንጆቹ 2013 ጥቅምት ላይ ግን እጄን ይዘው ለመኑኝ። ከአውሮራ ወዲያ ያለው የአባታቸው እርሻ ተሸጦ፣ ቤት ሊሠራበት ዶዘር ሊገባ ነው። የአባታቸው ታላቅ እህት ኤላ፣ ያኔ በፈረስ ዘመን፣ በበረዶ ቀን ጋሪዋን ነድታ እንደወጣች ቀርታለች። ቤተሰቡ «ከወንድ ጋር ኮበለለች» ብሎ ስሟ እንዳይነሳ ከለከለ።

«ኮብልላ ከሆነ እሰየው» አሉኝ። «ሞታ ከሆነ ግን ዶዘር እንዲሄድባት አልፈልግም።»

ጎረቤቴ ከድር ታክሲ ነጂ ነው፤ የዕረፍት ቀኑን የብረት መፈለጊያ ማሽን ይዞ ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ያሳልፋል። «ወርቁን ስታገኝ አትርሳን!» እያልን ስንት ቀልደንበታል።

«አሁን ፈለጋችሁኝ አይደል?» አለና መኪናውን አስነሳ።

ጋዝ ስቴሽን ላይ እሱ የእንቁላል ሳንድዊች ገዛ፤ እኔ ጾም ነኝና ኦቾሎኒ። ከሀይዌዩ ስንወጣ አስፋልቱ አልቆ ጠጠር ሆነ። ከኋላችን ተራሮቹ፣ ከላያችን ለማረፍ ዝቅ የሚሉ አውሮፕላኖች። እርሻው ጋ ግን ወፍ እንኳ የለም። ቤቱ ፈርሶ የድንጋይ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል።

እስከ ቀትር ከቆርኪና ከሽቦ በቀር ምንም አላገኘንም። ከቤቱ በታች ወዳለው የደረቀ ኩሬ ስንወርድ ማሽኑ ጮኸ። ከድር ሲቆፍር የጣት ርዝመት ያላት የናስ ሰሌዳ ወጣች። «ዴንቨር» የሚለው ይነበባል፤ የሠሪው ስም ግን ተበልቷል። መሃሏ ላይ በመንኮራኩር ውስጥ ኮከብ ተቀርጿል። በአንድ ጫፏ ክብ ቀዳዳ፣ በሌላው በእጅ የተበሳ አራት ማዕዘን አለ። ከድር ጠርጎ ኪሱ ከተታት።

ሐሙስ፣ ዳውንታውን

ፓርክ ለማድረግ ስንዞር ቆይተን ቤተ መጻሕፍቱ ገባን። ሠራተኛዋ የድሮ ጋዜጣ ማስታወቂያዎች አወጣችልን። ያኔ ጋሪ ሠሪዎች እንዲህ ያለች ሰሌዳ መቀመጫው ሥር ይመቱ ነበር አለችን። ካገላበጥናቸው አንዱ ላይ ኮከቡ በመንኮራኩሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዴንቨር ውስጥ የነበረ ትንሽ የጋሪ ሱቅ ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ሚስ ዶራ ቤት ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ በስልኬ አንስቼው ነበር፤ ኤላ ጋሪዋ ላይ ተቀምጣ። አጎላሁት። መቀመጫው ሥር ሰሌዳዋ አለች፤ አንዱ ምስማር ክብ፣ ሌላው ወፍራም አራት ማዕዘን።

«ያችው ናት» አለ ከድር። ሠራተኛዋ ወንበሯን ወደኋላ ሳብ አደረገች።

ዓርብ፣ እንደገና ኩሬው

መጀመሪያ የመንኮራኩር ብረት ወጣ። ቀጥሎ ልጓም፤ ከልጓሙ ጋር የፈረስ ጥርስ። ከዚያ ማሽኑ ቀስ እያለ፣ ሰው የሚጠራ ያህል፣ ይጮህ ጀመር። ጭቃውን በእጃችን ጠረግነው። ትንንሽ የናስ አዝራሮች ናቸው፤ የሴት ቦት ጫማ። ቆዳው በስብሶ አልቆ፣ አዝራሮቹ ግን እንደተቆለፉ ተሰልፈው ቀርተዋል።

«ኢና ሊላሂ» አለ ከድር፤ አካፋውን ጣለ። እኔ አማተብኩ። ለፖሊስ ደወልን።

የመጣው ፖሊስ ትሑት ሰው ነው። «ነገ ከሰዓት ደውለን ለአሮጊቷ እንነግራቸዋለን» አለ።

«በስልክ? መርዶ በስልክ? ኧረ በስመ አብ!» አልኩት በአማርኛ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

ቅዳሜ ንጋት

እትዬ አስካለ የእድራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ አውሮራ ውስጥ ያለእሳቸው መርዶ አይነገርም። «ከመቶ ዓመት በፊት ለሞተች መሄዳችን አያስቅም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለአሮጊቷ የምትሞትባቸው ገና ዛሬ ነው» አሉና ጥቁር ነጠላቸውን አነሱ።

ሦስት ሆነን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሚስ ዶራ በር ላይ ቆምን። ከፍተው አንድ በአንድ አዩን፤ የበሩን ጠርዝ ያዙ።

«አገኛችኋት» አሉ።

እትዬ አስካለ ደግፈው አስቀመጧቸው።

«ፊቷ ወዴት ነበር?» አሉ ሚስ ዶራ።

«ወደ ቤት» አለ ከድር። «ልጓሙ በቤቱ በኩል ነው የወጣው፣ መንኮራኩሩ ከኋላ። ኩሬው በበረዶ ተሸፍኖ መንገድ መስሏት ይሆናል። እየተመለሰች ነበር።»

ሚስ ዶራ ወደ ኮሪደሩ ፎቶ ዞሩ። «አባቴ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። የዚያን ማታ ሴት ስትጮህ ሰማሁ ቢላቸው፣ ወላጆቹ ነፋስ ነው ብለው አስተኙት። እስኪሞት ድረስ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ተነስቶ በር ይከፍት ነበር፤ እኛ እንስቅበት ነበር።» ከዚያ «ኤላ!» ብለው ጮኹ። እኛም አብረን አለቀስን፤ ላላየናት ሴት።

ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈራችን ቤቴ ስገባ አመሻሽ ነው። የኛም ሰፈር ትናንት ሜዳ ነበር፤ ከዚህ በኋላ እንደ ድሮው አልረግጠውም። የቀረ ሰው ሁሉ ትቶን የሄደ እንዳልሆነም ተምሬያለሁ። ሻይ ቀድቼ ልቀመጥ ስል የጓሮው በር ተንኳኳ።

«ነፋስ ነው፣ ተቀመጪ» አለ ባለቤቴ።

«አውቃለሁ» አልኩት፤ ሄጄ ከፈትኩት።