ግመል አይቆጠርም

ልደታ ሰፈር፣ የከብት መድኃኒት በምሸጥበት መስኮት ፊት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከቆላ የመጣው ሰውዬ ግን አልተቀመጠበትም። አንዴ በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን ያሳርፋል፤ ወዲያው ወደ በሩ ሄዶ መንገዱን ያይና ይመለሳል። ሽርጡ አቧራ ጠጥቷል። የቀበሌው የይለፍ ወረቀት ከክታቡ ጋር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በብብቱ የያዘውን የእርዳታ ወተት ጣሳ ለማንም አያስነካም።

ተራው ሲደርስ ጣሳውን ከፈተልኝ። የግመል በጠጥ ነው፤ ነጫጭ ትሎች ተጋድመውበታል።

“ሻኛዋ ሟሟ፣ ወተቷም ነጠፈ” አለኝ። የገዛ ዓይኑን ቆብ በጣቱ ወደ ታች ስቦ አሳየኝ። “እዚህ ውስጥ ደም የላትም።”

“የሆድ ትል እየመጠጣት ነው። ስንት ግመል አለህ?”

ፊቱ ተለዋወጠ። “ግመል ይቆጠራል እንዴ? የተቆጠረ ከብት ያልቃል!” ብሎኝ ወደ በሩ ሄደ።

ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። እኔም ትዕግሥቴ አለቀ።

“ስማኝ ወንድሜ፣ አብረዋት የሚውሉት ሁሉ መድኃኒቱን ካልተጋቱ ትሉ ተመልሶ ይመጣባታል። ቁጥራቸውን ካልነገርከኝ ምን ያህል ልስጥህ?”

ተመለሰ። ጣሳውን ከደነው፤ ደግሞ ከፈተው፤ መልሶ ከደነው። ከኋላው ያሉት እንዳይሰሙት ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገባ።

“እህቴ፣ አሁንማ ምን ፈርቼ ነው የማልቆጥረው? አንዲት ናት።”