ሁለት ግራ እጅጌ

ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ከደመወዝ ከፋዩ በቀር አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሁለተኛውን ፎቅ ኮሪደር ስትወለውል፣ ሐኪምም ይሁን አስታማሚ፣ እርጥብ ወለል ላይ እግሩን ሊያሳርፍ ያለውን ሁሉ «ይድረቅ» እያለች ስታስቆም ኖራ መጠሪያዋም ይኸው ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ይድረቅ፣ ጸጉሯ ሲሸብት ደግሞ እማማ ይድረቅ። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሐኪም ጫማውን በእጁ ይዞ በካልሲ ሲሻገር ያዩት ነርሶች ሳምንቱን ሲስቁ ከረሙ። እሷ አልሳቀችም። በካልሲም ቢሆን ዱካ ዱካ ነው።

ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ወር ጓዟን ጠቅልላ ታላቅ እህቷ ቤት ገባች። «እታለም» ነው የምትላት። እታለም ዕድሜዋን በሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ የደንበኛን ትከሻ በዓይኗ ለክታ ሜትር የማታወጣ። አሁን ግን ዓይኗ ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ቀይና ነጭም ትለያለች፤ የመርፌ ቀዳዳ ከተሰናበታት ግን ሁለት ዓመት አልፏል። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ እሷም ከጎኑ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ጡረታ ከወጣ የሥራ ባልደረባዋ ጋር እንደምትጨዋወት ሰው።

ዓይኗ ሳይከዳት በፊት የጀመረችው አንድ ነገር ነበር። በአርባ ምናምን ዓመት ከደንበኞቿ ልብስ የተረፈውን ቁርጥራጭ በካርቶን አጠራቅማ፣ እያንዳንዱን በመዳፍ ልክ ቆርጣ፣ አንዱን ካንዱ ገጥማ፣ አልጋ ሙሉ የሚያለብስ የብርድ ልብስ ፊት ሠርታለች። ጎረቤት አይቶ ድሪቶ ነው ወይ ሲላት ትስቃለች። ድሪቶ ቀዳዳ ይሸፍናል፣ ይህ የሚሸፍነው ቀዳዳ የለውም ትላለች። የቀረው ከፊቱ ሥር ጥጥ ማንጠፍ፣ ከጥጡ ሥር ገበር ማድረግ፣ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ ሐረግና ቅጠል እየሣለ በሚሄድ የጌጥ ስፌት መያዝ ነው። ያ ስፌት ካልያዘው ጥጡ በመጀመሪያው አጠባ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ይከማቻል። ዓይኗ የከዳት ልክ እዚህ ላይ ስትደርስ ነው። ፊቱ ታጥፎ ቁም ሳጥን ገባ።

አንድ እሑድ የእታለም ልጅ መላ ይዛ መጣች። ገበያ ዳር ያለው ልብስ ሰፊ ትልቅ መኪና አስገብቷል፤ ጌጡን መኪናው ራሱ ነው የሚሰፋው፤ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። የፊታችንን ሳይሆን የሚቀጥለውን ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል። እታለም የመኪናዋን ሽፋን በመዳፏ ደባበሰች። ይህ እሺ ማለት እንዳልሆነ ልጅቷም ታውቃለች፤ ግን ሌላ ምን መንገድ አለ?

እማማ ይድረቅ ጓዳ ሳህን ስታጥብ ሰማች። እጇን ሳታደርቅ ብቅ አለችና «እኔ እሰፋዋለሁ» አለች።

እታለም ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች። «ማን? ሁለት ግራ?»

ነገሩ የቆየ ነው። ታናሽየዋ አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ ከእህቷ ሙያ ትቅሰም ተብላ መኪናው አጠገብ ተቀመጠች። በስድስተኛው ወር የአንዲት ደንበኛ ግራጫ ካፖርት እጅጌ እንድትቆርጥ ተሰጣት። ጨርቁን መገልበጥ ረስታ ሁለቱንም እጅጌ ለግራ ቆረጠች። ያ ጨርቅ ከሩቅ የመጣ ነበር፤ ተጨማሪ አይገኝም። ደንበኛዋ በሩን ዘግታ ወጣች፣ ተመልሳም አልመጣች። እታለም አልጮኸችም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብቻ ብላ መቀሱን ከእጇ ወሰደችው። ከዚያ ወዲያ ታናሽየዋ መኪናው አጠገብ አልደረሰችም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሆስፒታል ገባች፣ መወልወያና ባልዲ ያዘች። በዚያም ሥራ ማንም መወልወያውን ከእጇ ላይ አልነጠቀም።

«ሁለት ግራ ልሁን፤ አሁን እጅጌ አይደለም የምሰፋው» አለች እማማ ይድረቅ።

እታለም ቃል አስገባቻት። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ክንድ በክንድ የሆነ መለማመጃ ሰፍታ ታመጣላታለች። እታለም ዓይን የላትም፣ ጣት ግን አላት። «ጣቴ ሳይቆም ከዳር እስከ ዳር ከሄደ ትሰፊዋለሽ። ጣቴ ከቆመ ልብስ ሰፊው ይወስደዋል፤ ቅሬታ የለም።»

ቅሬታ የለም ተባባሉ።

የእህቷ ልጅ ስልኳ ላይ አንዲት ሴት ጌጥ ስትሰፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተችላት። የሴትዮዋ ቋንቋ አይገባትም፤ እጇ ግን ይገባታል። ከመርፌው ሥር ያሉት ጨርቅ የሚስቡ ጥርሶች ዝቅ ይደረጋሉ። ከዚያ ወዲያ መኪናው ጨርቁን የትም አይወስደውም፤ መርፌው ባለበት ይወጣል፣ ባለበት ይወርዳል፣ ጨርቁን እያንሸራተተ የሚሥለው የሰው እጅ ነው። እማማ ይድረቅ ይህን ስታይ ደስ አላት። በልጅነቷ መኪናው ነበር የሚጎትታት፤ አሁን እሷ ልትመራው ነው።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ወረቀት ላይ በእርሳስ ትሥላለች፣ እርሳሱን ሳታነሣ። እማማ ይድረቅም የቆየ ጋዜጣ ዘርግታ ሣለች። ፊደል የቆጠረችው በአርባ ስምንት ዓመቷ፣ ከሥራ መልስ በሚሰጥ ትምህርት ነው፤ እርሳስ ስትይዝ እስከ ዛሬ ወረቀቱ እስኪበሳ ትጫናለች። ፊደል ሲጻፍ እርሳሱ ይነሣል፣ ያርፋል፤ ትንፋሽ ይወስዱበታል። ይህኛው ማረፊያ የለውም። በሦስተኛው ቀን ግን ጋዜጣው ከዳር እስከ ዳር ሐረግ ለበሰ፤ የእህቷ ልጅ የሟቾችን ማስታወቂያ እንኳ አላስተረፈችም ብላ ሳቀችባት።

መኪናው ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያው ቀን ከጨርቁ ሥር የወፍ ጎጆ የሚያህል የተወሳሰበ ክር ጎልጉላ አወጣች። ቆረጠች፣ ደገመች፣ ሌላ ጎጆ። መኪናው ተበላሽቷል ልትል አፏን ስትከፍት እታለም ከወንበሯ ሆና «እግሩን አውርጂው» አለች።

«ወርዷል እኮ፣ እታለም።»

«አልወረደም። ድምፁ ባዶ ነው።»

ጎንበስ ብላ አየች። ለዚህ ስፌት የሚገባው የመኪናው እግር፣ ጨርቅ የሚይዘው ብረት፣ ወርዶም ቢሆን ጨርቁን ጨክኖ አይጫንም፤ ስለዚህ ሳይወርድ የወረደ ይመስላል። አወረደችው። ጎጆው ቀረ። እታለም ግን በዚያው አላበቃችም፤ ጆሮዋ ከሩቅ ሆኖ ሥራውን ጀመረ። እግርሽ ሮጦ እጅሽ ቀርቷል፣ ስፌቱ አሸዋ ሆነ። አሁን ደግሞ እጅሽ ሮጠ፣ ስፌቱ ዘለለ። ሁለቱ እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት አይራራቁ፣ አብረው ይሂዱ። እማማ ይድረቅ ሰማች፣ አስተካከለች። በሳምንቱ ቅጠሏ ቅጠል፣ ሐረጓም ሐረግ ሆነ።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት። እየሣለች ትሄድ ትሄድና ዙሪያዋን በራሷ መስመር ታጥራለች። በግራ የሰፋችው ቅጠል፣ በቀኝ የሰፋችው ሐረግ፤ መርፌው መሀል ላይ ተዘግቶበት ይቀራል። መስመር ሳይረገጥ መውጫ የለም። ክሩን ትቆርጥና ሌላ ቦታ ትጀምራለች። በዓይን ሲያዩት ያምራል። እታለም ግን መለማመጃውን ገልብጣ ገበሩን በጣቷ ዳሰሰች። «እዚህ ጋ ቆመሻል። እዚህም። እዚህም ቆርጠሽ ቀጥለሻል።» አሥራ አንድ ቦታ ቆጠረች። በሁለተኛው መለማመጃ ሰባት ሆነ፣ በሦስተኛው ደግሞ ተመልሶ ስምንት። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ የቀረው አንድ ቀን።

«ለልብስ ሰፊው ብንተወው ነውር የለውም» አለች እታለም። በለዘበ አነጋገር ነው ያለችው፤ እማማ ይድረቅን ያሳመማትም ይኸው ልዝብነቱ ነው። ስድብ ቢሆን ትመልስ ነበር።

መልስ ስታጣ ቤት ማጽዳት ልማዷ ነው። ወለሉ በክር ቁርጥራጭ ተሞልቷል። ጠረገች፣ ባልዲ ሞላች፣ «እግርሽን አንሺ» ብላ የእታለምን እግር በርጩማ ላይ አስቀመጠችና መወልወል ጀመረች። ከመስኮቱ ሥር ተነሣች። መወልወያው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ራሱን አቋርጦ ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ይታጠፋል፤ እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። እጇ ሠላሳ አንድ ዓመት የሄደበት መንገድ ነው፤ ሐሳቧ ስፌቱ ላይ ሆኖ እጇ ብቻውን ሠራ። ጀርባዋ መቃኑን ሲነካ ቀና አለች።

ወለሉ ያበራል። ከመስኮቱ እስከ በሩ አንድ እርጥብ መስመር እየተጠማዘዘ ወርዷል፤ ያልነካው ቦታ የለም፣ የተቆረጠበትም ቦታ የለም። እሷ ደጃፉ ላይ ናት።

ሆስፒታል ውስጥ ለአዲስ ጽዳት ሠራተኛ ሁሉ የምታስተምረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር፤ መውጫሽን ሳታዪ ባልዲሽን አታስቀምጪ። በሩን ረስታ የወለወለች ልጅ ጥግ ላይ ተከባ ትቀራለች፣ የራሷን ሥራ ረግጣ ትወጣለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቷን ወጣት ጥግ ይዛ ስቃባታለች። ይኸው ሰሞኑን ሁሉ ራሷ ጥግ ውስጥ እየገባች ክሯን ስትቆርጥ ኖራለች።

መኪናው ማዶ ነው፣ መስኮቱ ሥር። እግሯን አነሣች። መልሳ አወረደችው።

«ምን ያቆምሻል?» አለች እታለም።

«ወለሉ እስኪደርቅ ነው።»

እታለም መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግን ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ለሐኪሙ ያልራራሽ ለራስሽማ ከየት አምጥተሽ።» እማማ ይድረቅ መቃኑ ላይ በጣቷ መንገዱን ደጋግማ እየሣለች ቆመች፣ ግራ፣ መታጠፍ፣ ማቋረጥ፣ ቀኝ፣ መታጠፍ፣ ወደ ኋላ።

ወለሉ ሲደርቅ ተቀመጠች። አዲስ መለማመጃ አነጠፈች፤ ፊት፣ ጥጥ፣ ገበር፣ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ። ከመጀመሯ በፊት ከታች ጫፉ ላይ በጠመኔ ትንሽ በር ሣለች። የምወጣው በዚህ ነው። ከዚያ ከማዶኛው ጫፍ ጀመረች። ቅጠሉንም ሐረጉንም አልተወችም፤ ግን ቅጠሉ ሁሉ በመወልወያው መንገድ ላይ እየበቀለ ወደ በሩ ይወርዳል። ዓይኗን ከመርፌው አንሥታ ገና ወዳልተሰፋው አደረገች፤ ሲወለወልም የጸዳውን የሚያይ የለም። እታለም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች። መኪናው ሳይቋረጥ፣ ሳይሮጥ፣ ሳይጎተት አንድ ድምፅ ያሰማል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእታለም ልጅ መጣች፤ ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ ነው አለች። እማማ ይድረቅ መለማመጃውን ገልብጣ እህቷ ጭን ላይ አስቀመጠችና እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች፣ የአለቃ ቁጥጥር ሲመጣ በምትቆመው አቋቋም።

እታለም ከላይኛው ጫፍ ጀመረች። አመልካች ጣቷ መስመሩን ይዞ ሄደ። ቅጠል ዞረ፣ ሐረግ ተሻገረ፣ ታጠፈ። ልጅቷ አንድ ነገር ልትል ስትል እታለም ሌላ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻት። ግማሹ ላይ ሲደርስ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ስፌቱ ደቃቅ ነው» አለች እታለም። «ፈርተሻል።»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ክሩ ነው፣ ጥጡ ነው ማለት። «ፈርቻለሁ። እዚያ ጋ ስደርስ መሀሉን አለፍኩ ብዬ ደነገጥኩ።»

«ግን አልቆረጥሽም።»

«አልቆረጥኩም።»

ጣቷ ጉዞውን ቀጠለ። ጫፉ ላይ ደርሶ በጠመኔዋ በር በኩል ወጣ። እታለም መለማመጃውን አጥፋ አስቀመጠችው። «የቆምኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አልቆምሽም» አለችና ወደ ልጇ ዞረች። «ለልብስ ሰፊው ደውዪለት። አትልፋ፣ ሰው አግኝተናል በዪው።»

ቁም ሳጥኑን ራሷ ከፈተች። ፊቱን አልጋ ላይ ዘርግታ በመዳፏ መሀሉን ፈለገች፤ አንድ ሻካራ ቁራጭ ላይ እጇ አረፈ። «ይህን ታውቂዋለሽ?»

ግራጫ ነበር፣ ወፍራም። እማማ ይድረቅ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጨርቅ፣ እሷ ራሷ የቆረጠችው። ተጥሎ የቀረ ነበር የሚመስላት።

«ሁለቱም ግራ ቢሆን ጨርቁ ደህና ጨርቅ ነው» አለች እታለም። «ከእሱ ጀምሪ።»

«ከማዶ ጫፍ ነው የሚጀመረው።»

«ይህ ትልቅ ነው። ከመሀል ካልተጀመረ ይሸበሸባል። አትከራከሪኝ፣ ጨርቅ የኔ ነው።»

እማማ ይድረቅ ሆስፒታሉን አሰበች። መሀሉ ላይ አልጋ ያለበት ክፍል ሲወለወል ከአልጋው ሥር ነው የሚጀመረው፤ ከዚያ ወደ ዳር። እሺ አለች። አራት በር በአራቱም ዳር ሣለች።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ክር ሲያልቅ ጫፉን በመርፌ ጥጡ ውስጥ መቅበር እታለም አስተማረቻት፤ ጣት እንኳ እንዳያገኘው። ጥግ ውስጥ የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያንንም የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተናገረችም፤ እታለምም እየፈለገች ነው። ጠመኔው እንዲለቅ አጠቡት፣ ጥጡ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ግቢው ውስጥ ሁለት ገመድ ላይ ዘረጉት። ፀሐይ ሲያርፍበት ቅጠሎቹ ጥላ አወጡ፤ እታለም ጥላውን አየች፣ ቢያንስ አየሁ አለች።

እጇን ዘርግታ ጫፉን ይዛ ወደ ትከሻዋ መሳብ ጀመረች።

«ይድረቅ» አለቻት እህቷ።